በወንድሙ ስም ለፈተና የተቀመጠው ሰው

አንድ ሰው ነበር፤ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው ታላቅ ወንድም ያለው ሰው። አባታቸው ሲሞት ታላቅየው ትምህርቱን አቋርጦ አርባ ምንጭ አጠገብ ካለ የሙዝ እርሻ ገባ። ቀኑን ሙሉ ሙዝ በትከሻው እየተሸከመ መኪና ላይ ይጭናል። ታናሹን ግን ወደ እርሻው ዝር እንዲል አልፈቀደለትም። «አንተ ተማር» አለው። ታናሹም ተማረ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወጣና ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ኔትወርክ ባለሙያ ሆነ።

ታላቁ መኩሪያ ይባላል፤ ታናሹ ዘላለም። መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። ገበያ ውስጥ መኩሪያን አስቁመው «ዘላለም፣ መቼ መጣህ?» የሚሉት ብዙዎች ነበሩ።

መኩሪያም ሙዝ ሲጭን አልቀረም። ወንድሙን ካስመረቀ በኋላ ማታ ማታ ተምሮ እዚያው አርባ ምንጭ አንድ ባንክ ውስጥ በኮምፒውተር ክፍል ተቀጠረ። ትዳር ያዘ፤ ልጆች ወለደ። ጎጆው መሞቅ ሲጀምር ታዲያ ባንኩ አዲስ መመሪያ አወጣ። በክፍሉ መቆየት የሚፈልግ ሁሉ ዓለም አቀፉን የኔትወርክ ፈተና አልፎ የብቃት ማረጋገጫ ያምጣ፤ ያላመጣ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል ተባለ። መኩሪያ ተፈተነ፤ ወደቀ። ዘላለም ደግሞ ያንኑ ፈተና ከጥቂት ዓመታት በፊት ያለ ብዙ ድካም አልፎታል።

ወገኖቼ፣ በመኩሪያ ቦታ ብትሆኑ ምን ይመጣባችሁ ነበር?

መኩሪያ ሐዋሳ ድረስ ሄደ። ምሳ በልተው ሲጨርሱ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ የልቡን ነገረው። ቢያነብ ቢያነብ አንድም ነገር አእምሮው ውስጥ እንደማይቀመጥ፣ ዕድሜው እንደገፋ፣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ አልፈው እርሱ ብቻ መቅረቱ እንዳሳፈረው አጫወተው። ከዚያ ፓስፖርቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።

«እኔን ሆነህ ግባልኝ» አለው። «ማንም አይለየንም።»

ዘላለም እምቢ ማለት ፈለገ። ነገር ግን በየትኛው አፉ እምቢ ይበል? ያ ሰው ሙዝ በትከሻው ተሸክሞ ያስተማረው አፍ ነው። ፓስፖርቱን ተቀበለ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ዘላለም ፀጉሩን እንደ ወንድሙ ተቆርጦ፣ የወንድሙን ፊርማ ተለማምዶ፣ አዲስ አበባ ካለው የፈተና ጣቢያ ተገኘ። በሩ ላይ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ረጋ ያለች፣ ዓይኗ ምንም የማያልፈው ሴት ነበረች። ፓስፖርቱን ተቀብላ ፎቶውን አየች፤ ቀና ብላ ፊቱን አየች፤ መልሳ ፎቶውን አየች። ካሜራ ፊት አቁማ ፎቶ አነሣችው። ኪሱን አራግፎ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ስልኩንና ሰዓቱን ቆለፈችበት። አስፈረመችው። በመጨረሻ ሁሉም ትክክል መሆኑን ነግራው፣ አቶ መኩሪያ ብላ ጠርታ መልካም ዕድል ተመኘችለት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፓስፖርቱ አለፈ። ፊቱ አለፈ። ፊርማው አለፈ። ሰው ሰውን የሚለይበት መንገድ ሁሉ ተሞክሮ፣ ይህ ሰው መኩሪያ ነው ተባለ። መኩሪያ አለመሆኑን በዚያ ቤት ውስጥ ማን ያውቃል? እርሱ ያውቃል። እግዚአብሔር ያውቃል። ሌላ ማንም አያውቅም።

ዘላለም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ገና ጥያቄዎቹ ሳይመጡ የወንድሙ ሙሉ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከሥሩ፣ እኔ ይህ ሰው መሆኔን አረጋግጣለሁ የሚል ቃል አለ። አንዴ መጫን ብቻ ነው የቀረው።

ጣቱ ማውሱ ላይ ቀረ። ያስቆመው ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ የሚያስፈራውን በር አልፎታል። ያስቆመው የወንድሙ ስም ነው። ያን ስም ሲያየው፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው። «ጋሼ አይችልም» ብዬ እኮ ነው እዚህ የተቀመጥኩት፣ አለ በልቡ። ትምህርት ጥሎ ሌላውን ያስተማረ፣ ሙዝ ሲጭን ውሎ ማታ ደብተር የገለጠ ሰው፣ አንዴ ቢወድቅ ጊዜ አለቀለት ብዬ ፈርጄበታለሁ። ውለታ የመለሰ መስሎት ነበር፤ ለካስ ወንድሙን ቀብሮት ኖሯል።

ተነሣ።

አሞኛል ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ማን ጠይቆት? ማንም ሳይነካው ቤቱ ይገባ ነበር። ነገር ግን ይህም በወንድሙ ስም የሚነገር ሌላ ውሸት ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ተቆጣጣሪዋ ሄደ።

«እኔ መኩሪያ አይደለሁም» አላት። «ዘላለም ባልቻ እባላለሁ። መኩሪያ ወንድሜ ነው።»

ሴትዮዋ ፊቱን መልሳ አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ፍተሻውን አልፈው ነበር እኮ» አለችው።

«ወንድሜ ግን አላለፈም» አላት።

እርሷ ያየችውን ማሳወቅ ግዴታዋ ነው፤ አሳወቀች። መኩሪያ ለአንድ ዓመት ከፈተና ታገደ። ዘላለም የራሱ የብቃት ማረጋገጫ ተሰረዘበት። ይህ እንደሚመጣ ከመናገሩ በፊት ያውቅ ነበር። ሐዋሳ ተመልሶ ለአለቃው ማንም ሳይቀድመው ራሱ ነገረው፤ አለቃው ከሥራ ባያባርረውም ከኃላፊነቱ አነሣው።

ከሁሉ የከበደው የአርባ ምንጩ መንገድ ነው። ለወንድሙ በስልክ ሊነግረው አልፈለገም። መኩሪያ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለና በሩን ዘጋበት። ብዙም ሳይቆይ ባንኩ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ብዙዎቻችሁ ዘላለምን ጨካኝ ትሉት ነበር። እኔም እለው ነበር። እውነትን ተናግሮ መሄድማ ቀላል ነው። ተናግሮ መቆየት ነው የሚከብደው።

ዘላለም በቀጣዩ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወንድሙ ቤት ሄደ። አልተከፈተለትም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቆየና ተመለሰ። በሌላው ቅዳሜ ደግሞ ሄደ። በሌላውም። መንደርተኛው ማውራት ጀመረ። በመጨረሻ የመኩሪያ ሚስት ዘነቡ ሆዷ አልችል ቢላት፣ ባሏን ሳትጠይቅ በሩን ከፍታ ግቢ ውስጥ ወንበር አወጣችለት። መኩሪያ ድምፅ ሰምቶ ወጣ።

«ምን ፈልገህ ነው የምትመላለሰው?» አለው።

«ላስተምርህ ነው፣ ጋሼ።»

«አእምሮዬ አይቀበልም ብዬህ የለም?»

«ብለኸኛል። አምኜህም ነበር፤ ጥፋቴ እሱ ነው። አሁን ግን አላምንህም።»

መኩሪያ ቆሞ አየው። ገብቶ ሌላ ወንበር ይዞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሁሉ የትምህርት ቀን ሆነ። ያረጁ የኔትወርክ ዕቃዎች እየፈቱ፣ ገመድ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ እየዘረጉ ተማሩ። መኩሪያ ሲያቅተው ይቆጣል፤ አንዳንዴም መጽሐፉን ወርውሮ ይገባል። ዘላለም መጽሐፉን አንሥቶ አቧራውን ይጠርግና ይጠብቀዋል።

እገዳው ሲያልቅ ሁለቱም በየራሳቸው ፓስፖርት፣ በየራሳቸው ስም ለፈተና ገቡ። ዘላለም አለፈ። መኩሪያ ለጥቂት ወደቀ። ሲመለሱ በመንገድ ላይ ዘላለም በመስኮት ያያል። መኩሪያ ወደ እርሱ ዞረ።

«ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል?» አለው።

በቀጣዩ ፈተና መኩሪያ አለፈ። ወደ ክፍሉም ተመለሰ፤ ቀድመውት ያለፉት ልጆች ግን አለቆቹ ሆነው ጠበቁት። ይህም ቅር አላሰኘውም። ሰው ሲጠይቀው «ወረቀቱን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ» ይል ነበር።

የተወደዳችሁ፣ በፍቅር ስም የሰው ወንበር ላይ የተቀመጥን ስንቶቻችን ነን? የልጅሽን የቤት ሥራ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪለት እናት፣ «አትችልም» እያልሽው እንደሆነ ታውቂያለሽ? የመመረቂያ ጽሑፍ በሰው የምታስጽፍ ወንድሜ፣ ነገ ሥራው ሲመጣ ማንን ትልካለህ? በእናቱ ጸሎት ተደግፎ፣ በሚስቱ ጾም ተከልሎ የሚኖርስ የለም ወይ? እግዚአብሔር የሚጠራን በየስማችን ነው። «እሱን ሆኜ መጣሁ» ብሎ የሚገባ የለም።

እንግዲህ አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሰው አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ወድቆ የተቀመጠ፣ እኔ አልችልም የሚል። እሱን አትሁኑለት። አለመቻሉንም አትመኑት። ቁጣውን ቻሉ፤ ዝምታውን ቻሉ፤ ተመላልሳችሁ አስተምሩት። ወንበሩን ልቀቁለት፤ እጁን ግን አትልቀቁ።