በአሽከራቸው ገላ የታሹት ፊታውራሪ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ እንጂ አታዛጉብኝ። የሚያዛጋ ካለ ተነስቼ እሄዳለሁ።

በድሮ ዘመን ፊታውራሪ አጎናፍር የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። ትልቅነታቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ይናገሩ ነበር። እኚህ ሰው አንድም ነገር በራሳቸው አያደርጉም። ጾም ሲገባ አሽከራቸው ጫኔ ይጾምላቸዋል። ለቅሶ ሲደርስ ጫኔ ያለቅስላቸዋል። ጦርነት ሲመጣ ጫኔ ይዘምትላቸዋል። እሳቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው ይጸድቃሉ፣ ያዝናሉ፣ ይጀግናሉ። መታደል ነው መቼም።

አንድ ቀን ከበቅሎ ወደቁ። ጫኔ ቀድሞ ሊወድቅላቸው አልደረሰም። አንገታቸው ወደ ግራ ዞሮ ቀረ። ንጉሡ ደግሞ ሹማምንቱን ለሳምንት ጠርተዋል። ንጉሥ ፊት ቆሞ ግድግዳ የሚያይ ሹም ንቋል ተብሎ ሹመቱን ይነጠቃል። ፊታውራሪ ጨነቃቸው፤ እንቅልፍ አጡ።

ወጌሻዋ እማማ ይርገዱ ተጠሩ። ወለምታ የሚያሹ፣ የዞረ የሚመልሱ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ባልቴት ናቸው። ቅቤያቸውን አሙቀው እጃቸውን ሲዘረጉ ፊታውራሪ ደንግጠው ሸሹ። የፊታውራሪ ገላ በባላገር እጅ አይታሽም፤ ጫኔ ይታሽልኝ አሉ።

እማማ ይርገዱ ያመመው እሱ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ እሱ የእኔ ፈንታ ነው ተባሉ። ጌታ ካዘዘ ምን ይደረጋል ብለው ጫኔን አሹት። ዕድሜ ልኩን ሸክም ያጎበጠው ወገቡ ለቀቅ አለ። ፊታውራሪ ያው ናቸው። በማግስቱም አሹት። ትከሻው ተፍታታ። ፊታውራሪ ያው ናቸው። በሦስተኛው ቀን አሹት። ጫኔ እንደ ጥጃ ቦረቀ። ፊታውራሪ ግን ግራውን ግድግዳ እያዩ ተቆጡ። አንገቴ ለንጉሡ ጥሪ ካልደረሰ ከመሬትሽ እነቅልሻለሁ ብለው ዛቱ።

እማማ ይርገዱ እጃቸውን አበሱ።

«ጌታዬ፣ ምን ያስቆጣዎታል? የታሸው አንገት ቀጥ ብሏል። ንጉሡ ፊትም እሱን ይላኩት።»

ፊታውራሪ ደስ አላቸው። ሐሳቡ ከራሳቸው አለመምጣቱ ብቻ ትንሽ ቅር አሰኛቸው። ካባቸውን ለጫኔ አልብሰው ሰደዱት።

ንጉሡ ማን እንደሆነ ጠየቁት። በጌታዬ ፈንታ የመጣሁ ነኝ አለ። ማን ይጾምላቸዋል ሲሉት፣ እኔ አለ። ለቅሶ ማን ይደርስላቸዋል ሲሉት፣ እኔ አለ። ማን ይዘምትላቸዋል ሲሉት፣ እኔ አለ።

«እንግዲያ ሹመቱንም አንተ ያዝላቸው» አሉ ንጉሡ።

ሹመቱ ከሄደ አንቱታውም ይሂድ፤ አጎናፍር እያልኩ ልቀጥል። አጎናፍር በእግሩ እማማ ይርገዱ ደጅ ሄደ። ገላው አሁን የባላገር ገላ ስለሆነ መታሸት ተፈቀደለት። ባልቴቷ አንገቱን ይዘው አንዴ ጎተት፣ አንዴ ዞር ቢያደርጉት ቀጭ አለ። አጎናፍር መንደሩ እስኪሰማ ጮኸ፤ የሚጮህለት ሰው አልነበረም። አንገቱ ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ጫኔ በበቅሎ ሲያልፍ ነው። እጅ ነሳ። አንገቱ ስለተፍታታ ጎንበስ ማለቱ አላስቸገረውም።

የአገሬ ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል። እኔ ደግሞ የሰው መታሸት አያላቅቅ እላለሁ። በሉ ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን በእኔ ፈንታ እንዳትበሉት።