ሦስት ጊዜ የተደፋው ዋንጫ

ድሮ ነው፣ ልጆቼ። ይህ ዋርካ ገና ፍሬ ሳለ፣ ገል ሜዳ በሚባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር አትጠገብ የምትባል መበለት ነበረች። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፤ አትናገርም።

አፍ ባይኖራት እጅ ነበራት። ዝናብ መጣ ለማለት ትነሣለች፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ትጥላለች፤ ትሮጣለች። ሰዉ ይስቃል። ልጇ አያልነህ ብቻ አይስቅም። በዚያ እጅ ነው ያደገው።

አያልነህ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ከወንዝ ማዶ ስንዱን አገባ። ስንዱም አትሰማም።

«አንዷ አንሳን ነው ሁለተኛ የጨመርክልን?» አሉት አባ መንግሥቴ፣ የመንደሩ ተረበኛ።

«እናቴ የምታወጋው ሰው አጣች፣ አባባ። እኔ ገበያ ስወርድ ከማን ጋር ትዋል?»

መጀመሪያ አልተግባቡም። የስንዱ እጅ ሌላ፣ የአትጠገብ እጅ ሌላ። ጭቃ እየረገጡ፣ ገል እየወቀጡ፣ አንዷ ካንዷ ወሰደች። ክረምቱ ሲወጣ ለዝናብ መሮጥ ቀረ፤ ሁለት ጣት ግንባር ላይ ጠብ ማድረግ በቃ። ሄደ ለማለት መዳፍ ወደ ተራራው መወርወር። እጃቸው ከሸማኔ መወርወሪያ ፈጠነ። መንደሩም ለመደው። አባ መንግሥቴ ሳይቀሩ «እኔን ነው የምታሙት!» እያሉ በእጅ ይሳደቡ ጀመር።

ከዚያ አያልነህ ሸክላ ሊሸጥ ቆላ ወረደ። ንዳድ ያዘው። እዚያው ቀበሩት። አብረውት የወረዱት ጎረቤቶቹ አህያውን እየነዱ ተመለሱ።

ለእናቱ ማን ይንገራት? በዚያ የእጅ ቋንቋ ሞት የሚባል አልነበረም። እስከዚያ ቀን አላስፈለገም። አባ መንግሥቴ ፊቷ ቆሙ። መሬቱን ሊያሳዩዋት አሰቡ፤ አንጀታቸው አልቻለም። መዳፋቸውን ወደ ተራራው ወረወሩ።

አትጠገብ ራሷን ነቀነቀች። የሄደ ይመለሳል። ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር የልጇን ዋንጫ ታጥባለች፤ ጠላ ትሞላለች፤ ደጃፍ ትቀመጣለች። ጠላው ይሻግታል። ትለውጠዋለች። ትቀመጣለች።

ስንዱ ግን አህያው ጀርባ ላይ የባሏን ጋቢ ተጠቅልሎ አይታ ነበር። አርባ ቀን ቻለችው። በአርባኛው ጠላውን አፈሰሰችና ዋንጫውን መሬት ላይ ደፋችው። አትጠገብ አቀናችው። ስንዱ ደፋችው። አትጠገብ አቀናችው። ስንዱ ደፋችውና መዳፏን ከላዩ አስተኛች።

አትጠገብ ዋንጫውን አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ የራሷን መዳፍ ደፋች። አትናገርም የተባለችው ሴት ያን ዕለት ያወጣችው ድምፅ ወንዝ ማዶ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ በገል ሜዳ መርዶ በአፍ አይነገርም። ነጋሪው ደጃፍ ቆሞ መዳፉን ይደፋል። ሐዘንተኛው ይዞ ያቀናዋል። ይደፋል። ያቀናዋል። ማንም አይቆጣውም፤ «አትጠገብም አቅንታለች» ይባላል። ለቅሶው የሚጀመረው በሦስተኛው ነው።