ዓይን ያወጡ ፍራፍሬዎች

አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ከቅዱሳንና ከአጋንንት በቀር ሌላ ነገር ስሎ አያውቅም። ፊታውራሪ አንዳርጌ ለግብር አዳራሻቸው አበባና ፍራፍሬ እንዲስል ሲያዙት፣ «ጌታዬ፣ እኔ እኮ በግ ብስል እንኳ መልአክ ነው የሚመስልብኝ» ብሎ ቢለምንም አልሰሙትም።

ሥዕሉ አልቆ መጋረጃው ሲገለጥ እንግዶቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑ። ጽጌረዳውም፣ ኮኩም፣ ሮማኑም ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን አውጥተው አፍጥጠዋል። አንድ ትል የበላው ሎሚ ብቻ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ያያል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ፊታውራሪ።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፤ ጥፋቱ የእጄ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን ሲስል ስለኖረ፣ ሎሚ እንኳ ሳይፈርድበት አያልፍም። ሚስቴም፣ አንተ የሳልከው ኮክ ለመሳለም እንጂ ለመብላት አይሆንም ትለኛለች።»

ፊታውራሪ የድሃ መሬት በመንጠቅ የታወቁ ነበሩና የእንግዶቹ ሳቅ አላማራቸውም።

«እኔንስ ብትስለኝ በስንት ዓይን ነው? ብትሰድበኝ አርባ ጅራፍ፣ ብትሸነግለኝም አርባ!»

ሠዓሊው ራሱን አከከ።

«ጌታዬን በሁለት ዓይን እስላለሁ። ከእግርዎ ሥር ደግሞ ራሴን፣ በአንድ ዓይን።»

«አንተን ለምን በአንድ?»

«እርስዎን በሁለት ዓይን የሳለ ሰው ከኃጥኣን ወገን ነዋ፣ ጌታዬ።»