የፊታውራሪው አያት ታሪክ

አንዲት አፏ የማይያዝ ሴት ነበረች። ልጆቿን ታሪክ የምታስተምረው ራሷ ነበረች። በመንደሩ እያዞረች ድልድዩን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ ዋርካውን ታሳያቸውና «ይህ የማን ሥራ ነው?» ትላለች። ልጆቹም የሠራውን፣ የቆፈረውን፣ የተከለውን ሰው ስም ይጠራሉ።

ፊታውራሪ አጥናፌ በዚህ ሁሉ መካከል የአያታቸው ስም እንደማይነሳ ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። አሽከሮቻቸውን አስከትለው ደጇ ድረስ መጡ።

«አያቴን ከታሪክ የምታስወጪ አንቺ ማን ነሽ?»

«ጌታዬ፣ እኔ የማስተምረው በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው።»

ፊታውራሪው ከወንዙ እስከ ተራራው ያለውን እርሻ በከዘራቸው አሳዩ። «ይህ አይታይሽም? ሁሉም የአያቴ ነው። አሁኑኑ እፊቴ አስተምሪያቸው፤ እምቢ ካልሽ ከመሬቴ ትነቀያለሽ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ይህንንማ ጀምሬላቸው ነበር፣ ጌታዬ። ግን ልጆች አይደሉ፤ ‹ከእሳቸው በፊትስ የማን ነበር? እንዴት ወሰዱት?› ብለው አፋጠጡኝ። እኔ ምን አፍ አለኝ ብዬ፣ ባለቤቱ እስኪመጡ አቆየሁት።»

ከዚያም ወደ ልጆቿ ዞረች። «በሉ ቁጭ በሉ። የሚነግሯችሁ መጥተዋል።»