በሁለት ጣት የተለካች መኪና

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱሪ ሲለካ ደንበኛውን «ቁጭ በል፣ ብድግ በል፣ እስቲ ጎንበስ በል» ሳይል መቀስ አያነሳም። «ቆመው ያማረ ሱሪ ሲቀመጡበት ይተረተራል» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው። ይህ ሰው አንዲት ትንሽ መኪና ነበረችው። ጎረቤቱ ቅመም ነጋዴ የእሱኑ የመሰለች መኪና ገዝቶ ዝቅ እስካስደረጋት ቀን ድረስ በመኪናው ደስተኛ ነበር።

የነጋዴው መኪና መሬት ልትስም ምንም አልቀራት። የሰፈሩ ሰው ቆም እያለ ያያታል። ልብስ ሰፊው ከስፌቱ ቀና ባለ ቁጥር በመስኮቱ የምትታየው እሷ ናት። የራሱን ሲያያት እግረ ረጅም ፍየል መሰለችው። ምሳ አልበላ አለው።

ታናሽ እህቱ ትርሲት ልታገባ ቀን ተቆርጦላት ነበር። ወላጆቻቸው በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ የሙሽራ መኪናው የጎረቤታችን ይሁንልኝ» አለችው አንድ ቀን።

«ያሳደግኩሽ እኔ፣ የሚሸኝሽ እሱ?»

«መኪናዋን አልኩ እንጂ ሰውየውን መቼ አልኩ!»

«በእኔ መኪና ነው የምትሄጂው። ከእሷ ብታንስ ከምላሴ ፀጉር!»



በማግስቱ ልብስ ሰፊው፣ ነጋዴው ቤት የሌለ መስሎት፣ ከመኪናዋ አጠገብ ተንበረከከ። በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ያለውን ክፍተት በጣቱ ለካ። ሁለት ጣት ገባ። ልብሱን አራግፎ የራሱን መኪና በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነዳ።

«ይህቺን መኪና ዝቅ አድርግልኝ» አለው መካኒኩን።

«ሦስት መንገድ አለ» አለ መካኒኩ። «የሚሸከማትን ሞላ መቁረጥ እንችላለን። ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ግን መኪናዋ ትደነድናለች። ወይም አጭር ሞላ ከሚስማማው ንዝረት አብራጅ ሾክ ጋር እንገጥማለን። ሦስተኛው በመፍቻ እየተጠመዘዘ ከፍና ዝቅ የሚል ነው፤ እሱ ከውጭ እስኪመጣ መታገሥ ይጠይቃል። ለመሆኑ ስንት ሰው ትጭንባታለህ?»

«ጎረቤቴ የቱን አስገባ?»

«እሱ ሌላ ጋር ነው ያሠራው፣ አላውቅም። ስንት ሰው ትጭናለህ ነው የምልህ።»

«የእሱ ሁለት ጣት ነው። የእኔ አንድ ጣት ይሁን።»

«ወንድሜ፣ መኪና ባዶዋን ስትቆም ሌላ ናት፣ ሰው ሲገባባት ሌላ።»

«አንተ ቁረጥ!»

መካኒኩ ትከሻውን ሰብቆ መጋዙን አነሳ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊው መኪናዋን እያጠበና እየወለወለ ደጅ አቆማት። ማንንም አላሳፈረባትም፤ እንዳትቆሽሽ።

የሠርጉ ዕለት መሪውን ራሱ ያዘ። ሙሽሮቹ ከኋላ ገቡ። አንደኛው ሚዜ፣ ሰፊ ሰውዬ፣ ከፊት ተቀመጠ። ያቺ አንድ ጣት ያኔውኑ ጠፋች። ገና ከሰፈር ሳይወጡ ጎማው ፓራፋንጎውን መፋቅ ጀመረ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። «ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለ ሙሽራው። «አዲስ ስለሆነች ነው» አለ ልብስ ሰፊው፣ ላቡን እየጠረገ። ገበያው ፊት ለፊት ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ በሆዷ ተቀመጠች። ብትገፋ አልሄደችም፣ ብትጎተት አልተመለሰችም። ከኋላ የተሰለፈው አጃቢ ሁሉ ክላክሱን ያስጮኻል፤ ባለ ሱቁ ሁሉ ወጥቶ ይስቃል።

ነጋዴው አራት ሚዜዎች ጭኖ ከኋላ ይከተል ነበር። ወረደና መጣ።

«የእኔዋ እኮ በመፍቻ ከፍ ዝቅ ትላለች» አለ። «ሰው ልጭን ነው ብዬ ትናንት ከፍ አደረግኋት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ተንበርክከህ በጣትህ ስትለካ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼሃለሁ።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

 መልሱ ከባድ አልነበረም፤ ሰው ሲቀናብን ይጣፍጣል። ጎረቤቱ በጉልበቱ ወድቆ የእሱን ጎማ ሲለካ ማየት ከበርበሬ ትርፍ ይበልጥበት ነበር።

«ነይ ሙሽራዬ፣ በእኔ እንሂድ» አለ ወደ ትርሲት ዞሮ።

ትርሲት ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። ሁለቱንም አየቻቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ለካህ። እርስዎ ደግሞ አይተው ዝም አሉ። መንገድ ላይ የቀረሁት ግን እኔ ነኝ።»

የባሏን እጅ ይዛ ወደ አዳራሹ በእግሯ ሄደች። ሚዜዎቹም እየዘፈኑ ተከተሏት። ሁለቱ ጎረቤታሞች ከሁለቱ መኪናዎቻቸው ጋር ገበያ መሐል ቀሩ።

ቀናተኛ የሰውን ነገር ባዶውን በቆመበት ይለካል፤ ስንት እንደሚጭንና ለመጫን ምን እንደተደረገለት አይጠይቅም። ሱሪ ቁጭ ብድግ አስብሎ የሚለካ ብልህ ሰው እንኳ ቅናት ሲይዘው ሙያውን ይረሳል። የተቀናበትም ሰው ቢሆን ንጹሕ ነኝ አይበል። አንድ ቃል ተናግሮ ጎረቤቱን ማዳን ሲችል፣ በመጋረጃ ቀዳዳ ማየትን መርጧል። ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሁለቱም እንወዳታለን የሚሏት ናት።

አንባቢ ሆይ፣ የእርስዎ ጣት ዛሬ የማን ጎማ ላይ ነው? ጣቴ ንጹሕ ነው ካሉም፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመው ማን ነው?