የለቅሶ ቤት ካርታ

ቁጭ በይ። እንደሱ አይደለም፣ ደህና አድርገሽ ተቀመጪ፤ እግርሽንም አታወዛውዢብኝ፣ ሐሳቤ ይበተናል። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ደብተርሽ ላይ ከላይ ጻፊው። «አክስቴ፣ የተናገርኩት እውነት ነው፤ ታዲያ ለምን አፈርኩ?» ነው ያልሽኝ። ጻፍሽ? እሁድ ዕለት እንግዳ ፊት በአባትሽ ላይ ያደረግሽውን በኋላ እንመጣበታለን። አሁን ዝም ብለሽ ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ቁማር ነው። አንቺ «ቁማር ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» ትይኛለሽ፤ ለሱ ሥራው ነበር። ሌላው ሰው ማልዶ ቢሮ ሲገባ እሱ ሸሚዙን አስተኩሶ ካርታ ወደሚጫወትበት ሆቴል ይሄዳል። በልጅነቱ ከሰፈሩ ወጥቶ ድሬዳዋ፣ ናዝሬት፣ ሐዋሳ እያለ ሃያ ዓመት በዚሁ ኖረ። ደግሞ አያጭበረብርም! ካርታ አይደብቅ፣ ምልክት አያደርግ። ችሎታው ዓይኑ ላይ ነው። የሰው ፊት ያነባል። ይኼኛው ከንፈሩን ከላሰ ባዶ እጁን ነው፤ ያኛው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ከሳበ ጥሩ ይዟል፤ ያ ደግሞ ቀልድ ካበዛ ፈርቷል ማለት ነው። የራሱ ፊት ግን እንደ ታጠበ ሰሃን ነው፣ ምንም አይገኝበትም። አንዲት ሴት ላግባው ብላ ገብታ ስድስት ወር ሳይሞላት ጥላው ሄደች። «‹ደህና ነኝ› ስለው ‹ቅንድብሽ እንደዚያ አይልም› ይለኛል፤ ከሱ ጋር እንዴት ይኖራል?» አለች አሉ። እውነቷን ነው።

አንድ ቀን የካርታ ባልደረባው ሆቴል ውስጥ ሞቶ የሚቀብረው ሰው ጠፋ። ይኼን ሲያይ ደነገጠ። «የኔም መጨረሻ ይኼው ነው» ብሎ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ፣ ቤት ተከራየ፣ እድር አስገቡኝ አለ። የእድሩ ሰዎች «ቁማርተኛ ይዘን ደግሞ!» ብለው አንገራገሩ። ዋስ የሆኑት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። «የሰፈራችን ልጅ አይደለም እንዴ? ሰው እንዴት ቀባሪ ይጣ?» አሉ። ቢሆንም ሦስት ወር ጠባዩ ይታይ ተባለ።

ወሩ ሳይሞላ የሽማግሌው ሚስት አረፉ።

ድንኳን ተተከለ። ቁማርተኛው ማንም ሳያዘው አግዳሚ ተሸከመ፣ ውሃ ቀዳ፣ እንግዳ አስቀመጠ። ሰዉም «ኧረ ይኼስ ደህና ሰው ነው» ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ቀለል ሲል፣ «ና እስቲ፣ አንተም ተቀመጥ» ብለው ካርታ ጨዋታው ላይ ጠሩት። መቼም ታውቂዋለሽ፤ ለቅሶ ቤት ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ትንሽ ይርሳ ብለው ሐዘንተኛውንም መሀላቸው ያስገቡታል። የሚያሲዙት ገንዘብ ሳይሆን የክብሪት እንጨት ነው። ጥሩ የያዘ ይቀጥላል፣ ያልያዘ ካርታውን ደፍቶ ይወጣል።

ሽማግሌው አሸነፉ። ደግመው አሸነፉ። ክብሪቱ ፊታቸው ተቆለለ።

«ኧረ ጋሼ ይራሩልን!» አለ አብሯቸው የሚጫወተው የሰፈሩ ባለ ልኳንዳ። «ይኼን ሁሉ ክብሪት ሱቅ ሊከፍቱበት ነው?»

«አንተ መጀመሪያ ሚዛንህን አስተካክል» አሉት።

ሦስት ቀን እህል በቅጡ ያልቀመሱ ሰውዬ፣ ጥርሳቸው ታየ። ሴቶቹ ሳይቀሩ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩ።

ቁማርተኛው ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ባለ ልኳንዳው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ፤ ጥሩ ይዟል። ከዚያ «እኔ ምንም የለኝም» ብሎ ካርታውን ደፋ። ከጎኑ የተቀመጠው ጡረተኛ መምህርም እንደዚያው። ቁማርተኛው የገባው መሰለው። ተመሳጥረዋል! ይኼን ጨዋታ ሃያ ዓመት አይቶታል፤ የዋሁን ሰው መጀመሪያ እንዲያሸንፍ ይተዉታል፣ ሞቅ ሲለው በገንዘብ አድርገው ይገፍፉታል። ዋስ የሆኑኝን ሰውዬማ ዓይኔ እያየ አላስበላም አለ በልቡ።

«ጋሼ፣ እያሞኙዎት ነው!» ብሎ የተደፉትን ካርታዎች አፈፍ አድርጎ ገለበጣቸው። የባለ ልኳንዳው ሦስት አስ። ሽማግሌው አሸንፈው የዘረጉት ሁለት ሰባት ብቻ። «አዩ? ሆነ ብለው ነው የሚሸነፉልዎት!»

ባለ ልኳንዳው ጫማውን አየ። መምህሩ መነጽሩን አወለቀ።

ሽማግሌው ክብሪቱን አንድ በአንድ ወደ ቀፎው መመለስ ጀመሩ። «አውቃለሁ እኮ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «ከመጀመሪያው አውቃለሁ። እነሱ የሚሸነፉልኝ እኔ እንድስቅ ነው። እኔ የምስቀው ልፋታቸው ከንቱ እንዳይሆን ነው። አሁን ምን ይዘን እንቀመጥ?» ቀፎውን ዘጉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ውስጥ ገቡ።

ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት በተሻለው። ያ ምንም የማይገኝበት ፊቱ ፍም መሰለ፤ የሚያደርግበት አጣ። ሽማግሌው ዋስትናቸውን አላነሱም፣ እድሩም ጊዜው ሲደርስ ስሙን ጻፈ። ይኼ ደግሞ ባሰው። የሰው ዓይን እያነበበ የኖረ ሰው ቀና ብሎ የሰው ዓይን ማየት አቃተው። መንገድ ላይ ሰላም የሚለውን ሰው የሚለየው በጫማው ነው ይባላል።

እንግዲህ አንቺዬ፣ ያም ሰው አልዋሸም። ያነበበው ልክ ነበር፤ የገለበጠው ግን የሰው ገመና ነው። አባትሽ ልብስ ሰፊ ነው፣ ዓይኑ ከደከመ ሁለት ዓመቱ። እናትሽ ማልዳ መርፌዎቹ ሁሉ ላይ ክር አስገብታ ትሰካለታለች። እሱ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ «ክር እንኳ ራሴ ነኝ የማስገባው» ይላል። አንቺ ምን አልሽ? «ውሸትህን ነው አባባ፣ እማዬ ናት!» ብለሽ ሳቅሽ። አርባ ዓመት የሰፋ ሰው መርፌው ክር ይዞ መጠበቁን የማያውቅ መሰለሽ? ያውቃል። ማወቁን እሷም ታውቃለች። ይኸው ከእሁድ ወዲህ እሷም አፍራ ተወች፣ እሱም አስገቢልኝ አይላት፤ የሰው ሱሪ ተቆልሎ ቁጭ ብሏል። እና ይቅርታ ምናምን እያልሽ ደግመሽ እንዳታነሺበት። ነገ ማልደሽ ተነሺና፣ ማንም ሳያይሽ፣ መርፌዎቹን አንድ በአንድ...

አቤት! አባትሽ ነው፤ «እታለም፣ ነይ እስቲ!» ይላል። መጣሁ አልኩ! ስሚ፣ ጥቁሩ ክር ያለው እኮ እዚያ ከ...