የአያ ቢተው ይግባኝና የትርንጎ ኮምፒውተር

በእኛ ከተማ አንድ አባባል አለ። በር አንኳኩቶ "ጣራዎ ያፈሳል፣ ልጠግንልዎ" ለሚል እንግዳ ይነገራል፤ ስልክ ደውሎ "ችግር አለብዎት፣ እኔ እፈታዋለሁ" ለሚልም ይነገራል። ወጣቶቹ ከጥንት አባቶች የመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሲወለድ እኔው ራሴ እዚያው ነበርኩ፤ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ አቤቱታ በምቀበልበት መስኮት።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዱ ትርንጎ የምትባል ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረች። ባለጉዳይ የሚናገረውን ሰምታ፣ ፍሬውን ከገለባው ለይታ፣ በኮምፒውተር ትጽፋለች። ጽሑፏ ስለማያደናግር እኛም እንወድላት ነበር። አያ ቢተው ደግሞ ከገጠር የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት ማሳ ለጎረቤታቸው ተፈርዶ ይግባኝ ሊሉ ትርንጎ ዘንድ መጡ። የይግባኙ ጊዜ የሚያልቀው ሐሙስ ነው። መዝገብ ቤታችን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል።

ትርንጎ በሦስት ቀን አራት ገጽ ጽፋ ጨረሰች። ረቡዕ ዕለት ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ እሳቸውም ዐይናቸውን ጨፍነው ሰምተው "ይኸው ነው የእኔ ነገር" አሉ። የቀረው ማተም ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልታትም ስትል አንድ ቀይ ሳጥን ስክሪኑን ሸፈነው። "ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው፤ አሁኑኑ ያድሱ" ይላል።

"ምንድን ነው?" አሉ አያ ቢተው።

"ይታደስ ነው የሚለው። አንድ አፍታ ነው።"

"እስከ ትናንት ይሠራ አልነበር?"

"ይሠራ ነበር።"

"ታዲያ?"

ትርንጎ ሳጥኑን ዘጋችው፤ ተመልሶ መጣ። ደግማ ዘጋችው፤ አሁንም መጣ። በሦስተኛው "አድስ" የሚለውን ተጫነች።

ነገሩ ባሰ። ማተሚያው እንቢ አለ፤ ሳጥኖቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረቡ ጀመር። ለከተማው የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ለዘርይሁን ደወለች። "ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ መጣሁ" አላት። ስድስት ሰዓት ላይ ስትደውል "መንገድ ላይ ነኝ" አለ። ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ዝግ ነበር።

ቀዩ ሳጥን ግን "ለእርዳታ ይደውሉ" ብሎ ቁጥር አስቀምጧል። ቢጨንቃት ደወለች። ገና ከመጥራቱ ተነሣ። "አይዞሽ እህቴ፣ የድጋፍ ክፍል ነን" አለ አንድ ትሑት ድምፅ። አንድ ፕሮግራም አስጫናት፤ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር አስነበባት። ከዚያ የማውሱ ቀስት፣ እሷ ሳትነካው፣ ብቻውን ይንቀሳቀስ ጀመር።

አያ ቢተው ከበርጩማቸው ተነሡ። "ማነው የሚነዳው?"

"ሰውየው ነው፤ ሊያስተካክለው።"

"የት ሆኖ?"

"አላውቅም።"

"ስሙስ?"

ይህንንም አልጠየቀችም ነበር። በስልኩ ስትጠይቀው ትሕትናው ጠፋ። ፋይሎቿ አንድ በአንድ ስማቸው እየተለወጠ አልከፈት አሉ፤ የስድስት ዓመት ሥራ፣ የአያ ቢተው ይግባኝም አብሮ። ሰውየው እንዲከፍታቸው ብር መላክ እንዳለባት ነገራት። ትርንጎ ሶኬቱን ነቀለች፤ ግን ዘግይታ ነበር።

"አያ ቢተው" አለች፣ "አጠፋሁት። የእርስዎን ማሳ አጠፋሁት።"

ቢቆጡ ማን ይፈርድባቸዋል? ማሳው የቤተሰቡ ጉሮሮ ነው። እሳቸው ግን "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብቻ አሉ።

"ስምንት ተኩል።"

"ወረቀት አለሽ?"

"አለኝ። ግን የጻፍኩትን ቃል በቃል አላስታውሰውም።"

"እኔ አስታውሰዋለሁ፤ ጻፊ" አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ። "ይግባኝ ባይ ከአባቴ በውርስ ያገኘሁትንና ሠላሳ ዓመት ያረስኩትን ይዞታ፣ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ የሚያዋስነውን..."

ትርንጎ ለዓመታት ከፊርማ በቀር በእጇ ጽፋ አታውቅም። ጣቷ እየዛለ ጻፈች። የመዝገብ ቁጥሩንና ቀኑን ከውሳኔው ግልባጭ አየች፤ የቀረውን ሁሉ እሳቸው አወጡት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ "እዚህ ጋ ያስገባሽው ቃል ያን ጊዜም አልገባኝም ነበር፤ ተይው" አሏት።

አሥር ሰዓት ላይ ዘርይሁን ቦርሳውን አንግቦ ደረሰ። ኮምፒውተሩን ከፈት አድርጎ አየና "በቃ፣ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ" አለ።

"አትንካው" አለችው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል።

አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ሁለቱም መስኮቴ ላይ ቆሙ። አንብቤ ተቀበልኩ፤ ማኅተም መታሁበት። ጉዳዩ አንድ ዓመት ፈጅቶ ማሳው ለአያ ቢተው ተመለሰ። ከትርንጎ ፋይሎች ግን አንዱም አልተመለሰም።

የዚያን ዕለት መጨረሻውን ማናችንም አላወቅንም። እኔን የገረመኝ በእጅ መጻፉ ነበርና "ምነው ትርንጎ፣ ኮምፒውተርሽ ታመመ እንዴ?" አልኳት። እሷ አቀረቀረች። አያ ቢተው ደረሰኙን ኮታቸው ኪስ እየከተቱ ስለ እሷ መለሱልኝ፦ "ኮምፒውተሩስ ደኅና ነበር ልጄ፤ ያልጠሩት ሐኪም በሽታውን ይዞ ይመጣል።"